ስለቱ የሚገኘው ከመጀመሪያው ድንጋይ ነው

ጃንሉካ ሮሺዮሊ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ) የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ለምርምሩ መነሻ ያደረገው የራሱን ጺም ነበር። ጺሙን በሚጣል ምላጭ ይላጫል፤ ምላጩን ይዞ ቤተ ሙከራ ይገባል፤ ስለቱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ጺሙ ሲያቆጠቁጥ እንደገና ይላጭና እንደገና ይመረምራል። ብዙ ሰው ምላጭ የሚዶለዱመው ስለቱ ቀስ በቀስ ተፍቆ ስለሚከብ ይመስለዋል። በማይክሮስኮፑ የታየው ሌላ ነበር፤ ስለቱ ብዙም ሳይከብ ከቦታ ቦታ ተሸራርፏል።

ነገሩ ግራ ያጋባል። የሰው ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው፤ ታዲያ እንዴት አድርጎ ብረት ይሸርፋል? ሮሺዮሊና ሁለት ባልደረቦቹ መልሱን እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፀጉሩ ለስለቱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዘንበል ብሎ ሲደርስ፣ እንደ ልቡ መታጠፍ ሲችል፣ የሚነካውም ቦታ በብረቱ ውስጥ ጠንካራና ለዘብ ያሉ ክፍሎች የተጎራበቱበት ሆኖ ሲገኝ ጉልበቱ በአንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል። በዚያች ነጥብ ብረቱ ይሸረፋል።

ከዚህ የሚመጣው ችግር ምላጭ ከተሠራበት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ስለት ሲሠራበት ይጎዳል። መፍትሔውም ሁለት ነው። አንዱ የተጎዳውን ጥሎ አዲስ መግዛት ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለቱን እንደገና መሥራት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያወጋው ስለ ሁለተኛው፣ ማለትም ወደ እጀታው የሚታጠፈውን የጥንቱን ምላጭ በቤት ውስጥ ስለ መሳል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር ነርስ ወዳጄ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የቁርሱን ዕቃ አነሳና እርጥብ ፎጣ አነጠፈ። ፎጣው ላይ አራት የጡብ ቅርጽ ያላቸው መሳያ ድንጋዮችን ደረደረ፤ 1000፣ 4000፣ 8000 እና 12000 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ እየላመ ይሄዳል። ከጎናቸው ውኃ በሳህን፣ ማጉያ መነጽር፣ ጥቁር ማርከርና የጠረጴዛ መብራት አሉ። በመጨረሻ ከሣጥን ያወጣው ዞሊንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ የተሠራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ምላጭ ነው።

ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት የመጡት አጎቱ ቡናቸውን ይዘው ከፊቱ ተቀመጡ። በአናጢነት ዘመናቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ድንጋዮቹን ከዳር እስከ ዳር አዩና፣

«ይሄ ሁሉ ለጺም ነው?» አሉ።

«ለጺም ነው ጋሼ።»

«የመላጊያ ምላጭ ቢሆን እኔ በአንድ ድንጋይ እጨርሰው ነበር።»

«እርስዎ የሚላጉት እንጨት ነዋ ጋሼ፤ እንጨት ቢቧጨር አይጮህ።»

ሳቁ። ከዚያ ግን አንደኛውን ድንጋይ አነሱና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው በዓይናቸው ለኩት። «መሐሉ ጎድጉዷል» ሲሉ ፈረዱ። ወዳጄ አልተከራከረም። በእርሳስ በድንጋዩ ፊት ላይ መስመሮችን ወዲህና ወዲያ አሰመረ፤ ከዚያም ድንጋዩን ውኃ የማይጎዳው የብርጭቆ ወረቀት በተነጠፈበት ወፍራም መስታወት ላይ እያሸ ፈገፈገው። የእርሳሱ መስመር ከዳር ዳሩ ጠፍቶ መሐል ላይ ቀረ። አዛውንቱ እውነታቸውን ነበር። መስመሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ መፈግፈጉ ቀጠለ።

በቤት ውስጥ ምላጭ መሳል የሚጀመረው ከዚህ ነው። ድንጋዩ ካልተስተካከለ በላዩ የሚሄደው ምላጭ አይስተካከልም፤ የስለቱ አንዱ ክፍል ይነካል፣ ሌላው ሳይነካ ያልፋል። እጅ ስህተቱን ላያውቀው ይችላል። ጉንጭ ግን በመጀመሪያው ምት ያውቀዋል።

ማዕዘኑ ከምላጩ ጋር ተሠርቷል

ቢላ የሳለ ሰው ሁሉ የሚቸገርበት ነገር ማዕዘን ነው። ቢላውን ከድንጋዩ ምን ያህል አንስቶ መያዝ እንዳለበት፣ ያንኑም ልክ ሳይለቅ እንዴት እንደሚመላለስ ለመልመድ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። የጥንቱ ምላጭ ከዚህ ጭንቀት ያሳርፋል። ጀርባው ወፍራም፣ ጎኖቹ ወደ ውስጥ የሰረጎዱ፣ ስለቱ ቀጭን ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በድንጋይ ላይ ሲተኛ ጀርባውና ስለቱ አብረው ያርፋሉ፤ መሐሉ ድንጋዩን አይነካም። የመሳያውን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረትና የብረቱ ስፋት ነው። ጀርባው 5 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 17 ሚሊሜትር የሆነ ምላጭ ወደ 17 ዲግሪ የሚጠጋ ስለት ይኖረዋል። ተራ የማድቤት ቢላ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ነው።

የጥንቶቹ ምላጭ ሠሪዎች ብልሃት በዚህ አያበቃም። ስለቱ በዓመታት ውስጥ በድንጋይ እየተበላ ሲጠብ፣ ጀርባውም በዚያው ድንጋይ አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ ማዕዘኑ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። አንዳንዶች ጀርባው እንዳይፈገፈግ ስስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፕላስተር ይለጥፉበታል፤ ይህ ማዕዘኑን በአንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጉዳት የለውም፤ ብቻ አንድ ጊዜ በፕላስተር የተሳለ ምላጭ ቀጥሎም በፕላስተር መሳል አለበት። ያለዚያ ድንጋዩ ስለቱን ሳይደርስበት ከኋላው ያለውን ብረት ሲፍቅ ይውላል።

ከሸፊልድ እስከ ጂሌት

እንዲህ ያለ ምላጭ ለመሥራት መጀመሪያ ጥሩ ብረት ያስፈልጋል። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን የተሻለ ብረት ሲፈልግ፣ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ጨርሶ የሚያቀልጥበትን ዘዴ አገኘ። በዚያ መንገድ የቀለጠ ብረት ወጥነት ስላለው ስስ ስለት ይይዛል። ሀንትስማን የሠራባት ሸፊልድ በምላጭ ስሟ የገነነ ከተማ ሆነች። ጀርመናዊቷ ዞሊንገንም ተፎካካሪዋ ነበረች። የዞሊንገን ስም በጣም ከመከበሩ የተነሳ በ1938 በሕግ ጥበቃ ተደርጎለታል፤ በከተማዋና በአካባቢዋ ያልተሠራ ስለት ያንን ስም መሸከም አይችልም።

ምላጩ የዳበረው ከነመሳያው ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለው ፓሪሳዊ ቢላ ሠሪ በ1769 ሰው ራሱን መላጨት እንዲችል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። የመጽሐፉ ረጅም ርእስ የሚጠቅሰው መላጨትን ብቻ አይደለም፤ መሳያ ድንጋዮችን ለይቶ ማወቅንና ምላጭ የሚወለወልበትን ቆዳ ማዘጋጀትንም ይጨምራል። ለፔሬ ራሱን መላጨት የፈለገ ሰው ምላጩን መንከባከብንም አብሮ መማር ነበረበት።

ይህን የለወጠው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ጂሌት ነጋዴ እንጂ የብረት ባለሙያ አልነበረም፤ ሐሳቡ የሚጣል ስስ ምላጭ መሸጥ ነበር። ያን ያህል የሳሳ ብረት ሳይጣመም እንዲጠነክር የሚያደርገውን ዘዴ ያገኘለት በኤም.አይ.ቲ የተማረው ዊልያም ኒከርሰን ነው። ኩባንያው በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በኅዳር 1904 ነው። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3 ሚሊዮን ተኩል መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ አዘዘ። ወታደሩ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ገባ። መሳያ ድንጋዩና ቆዳው ከየቤቱ እየወጡ ፀጉር አስተካካዮች ዘንድ ብቻ ቀሩ።

1000 ቁጥር፦ ሥራው ያለበት ድንጋይ

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንመለስ። ወዳጄ የስለቱን ሁለት ጎን በማርከር አጠቆረ። 1000 ቁጥሩን ድንጋይ ውኃ አጠጣና ምላጩን አስተኛበት። ከዚያ ስለቱን አስቀድሞ ወደ ፊት ገፋው፤ ዳር ሲደርስ ስለቱ ድንጋዩን ሳይነካ በጀርባው ላይ ገልብጦ በሌላው ጎን ወደ ራሱ ሳበው። ብረቱ ከድንጋዩ ስፋት ስለሚረዝም እጁ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከእጀታው በኩል ጀምሮ ወደ ጫፉ እየተንሸራተተ በሰያፍ ያልፋል። ጥቂት እንደተመላለሰ አንስቶ በማጉያው አየ። በመሐል ያለው ጥቁር ቀለም ጠፍቷል፤ ጫፉ ላይ ግን አለ።

«ጫፉን አልነካኸውም» አሉ አጎትየው ያለ ማጉያ።

«አዎ ጋሼ፣ ጫፉ ትንሽ ቀና ያለ ነው። እጄን እዚያ ጋ ማዞር አለብኝ።»

የዚህ ደረጃ ዓላማ አንድ ነው። የምላጩ ሁለት ተዳፋት ጎኖች ከእጀታው ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ፣ ምንም ሳይቀር፣ በአንዲት መስመር ላይ መገናኘት አለባቸው። እስኪገናኙ ድረስ ስለት የሚባል ነገር የለም። ከተገናኙ በኋላ የሚመጡት ድንጋዮች ሁሉ የሚያደርጉት ያንን መስመር ማለስለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ክፍል ያለው በጣም ርካሹ ድንጋይ ላይ ነው። ምላጫቸው አልስል ያላቸው ጀማሪዎች 12000 ቁጥር ወይም ከዚያ የላቀ ውድ ድንጋይ ፍለጋ ገንዘብ ያወጣሉ። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታች፣ 1000 ቁጥር ላይ ሳያልቅ የታለፈ ሥራ ነው።

ማለቁ በምን ይታወቃል? አናጢው የለመዱት ምልክት አለ። መሮ ሲሳል በአንድ ወገን ብዙ ይፋቃል፤ በሌላው ወገን ስስ የብረት ቅርፊት ተጥፎ ሲወጣ ጣት ይዳስሰዋል፤ ያኔ ድንጋዩ ጫፍ መድረሱ ይታወቃል። ምላጭ ላይ ይህ ቅርፊት አይፈለግም፤ ብረቱ በጣም የሳሳ ስለሆነ ቅርፊቱ ሲነቀል ጤነኛውን ስለት ይዞ ይሄዳል። በየምቱ መገልበጥ ያስፈለገውም ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዲሄዱና ቅርፊቱ እንዳይበዛ ነው።

ወዳጄ የሚተማመነው በሌሎች ሁለት ምልክቶች ነው። አንደኛው ብርሃን ነው። ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ከመብራቱ ሥር ቀጥ አድርጎ ሲያየው፣ ያልተገናኘ ቦታ ካለ ብርሃን መልሶ እንደ ነጭ ክር ያብለጨልጫል፤ የተገናኘ ስለት ግን ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ ስለሌለው አይታይም። ሁለተኛው የክንድ ፀጉር ነው። ምላጩ ገና በ1000 ቁጥር ላይ እያለ የክንድን ፀጉር ያለ ችግር መላጨት አለበት፤ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር። የማይላጭ ጣት የምታህል ቦታ ከተገኘች ወደ ድንጋዩ መመለስ ነው። በጣት ስለቱን ርዝመቱን ይዞ መፈተሽ ግን ከቶ አይሞከርም።

የእጅ ጫናም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጫና ይፈቀዳል። ስለቱ እየተገኘ ሲሄድ ጫናው እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ምላጩ በራሱ ክብደት ብቻ ይሄዳል። ጎኖቹ የሰረጎዱ ምላጭ በጣም ስስ ስለሆነ ጠንከር ብለው ሲጫኑት ስለቱ ከድንጋዩ ላይ ይለመጣል፤ ድንጋዩም ጫፉን ትቶ ከኋላው ያለውን ይፍቃል። ሰውየው ሳለ እንጂ ምላጩ አልተሳለም።

የማለስለሻ ድንጋዮች

1000 ቁጥር ድንጋይ ብረትን የሚፍቁት ቅንጣቶቹ መጠናቸው ከ10 ማይክሮን በላይ ነው፤ የ8000 ቁጥሩ ከ3 ማይክሮን አይበልጥም። ሻካራው ድንጋይ የተወውን ጭረት ቀጣዩ ያጠፋል፤ የእርሱን ደግሞ ተከታዩ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የበፊቱ ድንጋይ ጭረት በማጉያው መታየቱን እስኪያቆም ወደ ሚቀጥለው አይታለፍም። በድንጋይና በድንጋይ መካከልም ምላጩና እጅ ይታጠባሉ፤ አንዲት የሻካራው ድንጋይ ቅንጣት በማለስለሻው ላይ ከገባች የተሠራውን ታበላሻለች።

ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ከመምጣታቸው በፊት ይህንን ሥራ የሚሠራው ከምድር የተቆፈረ ድንጋይ ነበር፤ ዛሬም የሚመርጡት አሉ። የታወቀው በቤልጅየም አርደን ተራሮች፣ በቪየልሳልም አካባቢ የሚወጣው ቢጫው «ኮቲኩል» ነው። ብረቱን የሚፍቁት በውስጡ ያሉት ጋርኔት የተባሉ ጠንካራ ደቂቅ ማዕድናት ናቸው። በሳልምሻቶ መንደር ለዚህ ድንጋይ ብቻ የቆመ ሙዚየም አለ። በጃፓን በኪዮቶ ዙሪያ የተቆፈሩ ድንጋዮችም እጅግ የተከበሩ ናቸው። ውበታቸው የማይካድ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይመከሩም። የተፈጥሮ ድንጋይ አንዱ ካንዱ ስለሚለያይ፣ ምላጩ አልስል ሲል ጥፋቱ የእጅ ይሁን የድንጋይ መለየት ያስቸግራል። ሰው ሠራሹ በተጻፈበት ቁጥር ልክ ይሠራል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቶሎ ያሳያል።

ቆዳውና ፊት

ከመጨረሻው ድንጋይ በኋላ ጠፍር ይመጣል። በአንድ ወገኑ ጠንካራ ጨርቅ፣ በሌላው ለስላሳ ቆዳ ያለው ረጅም ጠፍር ነው። ወዳጄ አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አሰረና ሌላውን በግራ እጁ ወጥሮ ያዘ። እዚህ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ተሳስቶ ስለቱን ያስቀደመ ሰው ቆዳውን ይቆርጣል። ጠፍሩ ከላላም ስለቱ ይከባል። ቆዳው ብረት የሚፍቅበት አቅም እምብዛም የለውም፤ ሥራው ስለቱን ማጽዳትና ማቃናት ነው። ምላጭ ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ቆዳ ላይ ይመላለሳል፤ ድንጋይ የሚያስፈልገው ግን ስንት ወር ቆይቶ፣ ቆዳው ብቻውን ስለቱን መመለስ ሲያቅተው ነው።

የመጨረሻው ፈተና ፊት ነው። ጺም በሙቅ ውኃና በሳሙና አረፋ ይለሰልሳል፤ የፊት ቆዳ በግራ እጅ ይወጠራል፤ ምላጩ ከፊት 30 ዲግሪ ያህል ተነስቶ በአጭር በአጭሩ ይወርዳል። የሮሺዮሊ ጥናት ፀጉር ብረት የሚሸርፍበትን ሁኔታ አሳይቷል፤ አሮጌዎቹ ባለሙያዎች ደግሞ ጺም ሳይለሰልስ ምላጭ እንዳይነካው ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ወዳጄ በግራ ጉንጩ ጀመረ። ምላጩ ስስ የፉጨት ድምፅ እያሰማ ወረደ፤ አገጩ ጋ ሲደርስ ግን ያዝ አደረገው።

«ጫፉ ነው» አሉ አዛውንቱ ከበሩ ላይ ቆመው። «ነግሬህ ነበር።»

ምላጩ ታጥቦ ተመለሰ፤ ወደ 12000 ሳይሆን ወደ 1000 ቁጥሩ።

መጀመር ለሚፈልግ

ይህንን ሙያ ለመማር ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። መጀመሪያ በባለሙያ የተሳለ አንድ ምላጭና አንድ ጠፍር ገዝቶ መላጨትንና ቆዳ ላይ ማመላለስን መልመድ ይቀድማል፤ የተሳለ ምላጭ ፊት ላይ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ራሱ የሳለውን መመዘን አይችልም። ቀጥሎ ለመለማመጃ ርካሽ አሮጌ ምላጭ ይገዛል። ያልተሰነጠቀ፣ ያልተጣመመ፣ ዝገቱ ስለቱ ድረስ ያልዘለቀ መሆኑ ይታያል። ድንጋዮቹ 1000፣ 4000 እና 8000 ቢሆኑ በደንብ ያላጫሉ፤ 12000 ሊቆይ ይችላል። ድንጋይ ማስተካከያ፣ ማጉያ መነጽርና መብራት ግን ለሌላ ጊዜ የሚባሉ አይደሉም። ገንዘብ ካነሰ ከማለስለሻው ድንጋይ ይቀነስ እንጂ ከማጉያው አይቀነስ። ወደ አገር ቤት ለስጦታ የሚወስዱም ምላጩን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፤ በእጅ ይዘው ወደ አውሮፕላን አያስገቡትም።

በመጨረሻ ነርሱ ወዳጄ ለጠየቀው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር አለ። ድንጋይም ቆዳም ምላጭን ይስላሉ እንጂ ከጀርም አያነጹትም። ኤች.አይ.ቪም ሆነ የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋሉ፤ ዓይን የማታየው የደም ጠብታ ደግሞ ስለት ላይ ይቀራል። ፀጉር ቤቶች ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ እንዲያወጡ የሚጠየቁት ለዚህ ነው። የቤት ምላጭ የአንድ ሰው ዕቃ ነው፤ የእርስዎን ለማንም አያውሱ፣ የሌላውንም አይዋሱ።